ባንቻ፦ ጃፓኖች ከምግብ ጋር የሚጠጡት ተራው ሻይ

ጃፓን ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ ወዳጄ አንዲት ትንሽ የታሸገች ሻይ አመጣልኝ። ላይዋ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። ስከፍታት ቅጠሉ መርፌ መርፌ የሚመስል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሽታው አሁን የታጨደ ሣር። እኔም እንደ ልማዴ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ፣ ውሃው ሲንተከተክ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩበት፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አደረግኩ፣ ቀለሙ ይውጣ ብዬ አሥር ደቂቃ ያህል ተውኩት። የወጣው ነገር ሻይ አይባልም። ኮሶ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳርም አላዳነው። ለወዳጄ ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ሳቁን ሲጨርስ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላንተ ባንቻ ነበር ማምጣት የነበረብኝ" አለኝ።

ትንሽ ቅር አለኝ። ላንተ ርካሹ ይበቃሃል ያለኝ ነው የመሰለኝ፣ በኋላ እንደገባኝ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው፦ ባንቻ ጃፓን ውስጥ ርካሹ ሻይ ነው። ሱፐርማርኬት በትልቅ ከረጢት የሚሸጥ፣ ምግብ ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ ሳታዙ በነጻ ሊቀርብላችሁ የሚችል፣ ማንም እንግዳ መጣ ብሎ የማያወጣው ሻይ። ግማሹ ግን እውነት አይደለም። ርካሽ የሆነው ቅጠሉ ስለተበላሸ ወይም ከሌላ ሻይ የተረፈ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ቅጠል ስለሆነ ነው፣ የሚሠራውም ሌላ ሥራ ነው። እኔ እንዳደረግኩት በፈላ ውሃ ብትጨክኑበት አይቆጣም። ነገሩን ከሥሩ ካላየነው ግን ይህ ልዩነት አይገባም፣ ስለዚህ ከተክሉ ልጀምር።

ሻይ አንድ ተክል ነው። ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ቻይናዎች ኡሎንግ የሚሉትም፣ ማቻ የሚባለው ዱቄቱ ሻይም፣ ሁሉም ከአንድ ቁጥቋጦ ነው የሚመጡት፤ ካሜሊያ ሲነንሲስ ይባላል። ውሽውሽ የሚበቅለው ሻያችንም ይኸው ተክል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ የሚደርስበት ነገር ነው። ድንች ልጣችሁ ብታስቀምጡት እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ፤ ድንቹ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው የሚያጠቁረው። የሻይ ቅጠልም ውስጥ እንዲሁ ዓይነት ኢንዛይም አለ። ቅጠሉን አሽታችሁ ብትተዉት ይጠቁርና ጥቁር ሻይ ይሆናል። ድንቹን ብትቀቅሉት ግን አይጠቁርም አይደል? አረንጓዴ ሻይም በቃ ይኸው ነው፦ ቅጠሉ ከመጥቆሩ በፊት በሙቀት ኢንዛይሙን መግደል። ቻይናዎች በአብዛኛው በጋለ ብረት ምጣድ ያደርጉታል፣ ጃፓኖች ደግሞ በእንፋሎት። ተቆርጦ ብዙ ሳይቆይ ወደ ማሽኑ ይገባና ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንፋሎት ይመታዋል። የጃፓን ሻይ ያ የባሕር አረምና የሣር ሽታ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። የምጣዱ የቻይና ሻይ ወደ ቆሎ ያደላል።

እስከዚህ ሴንቻም ባንቻም እኩል ናቸው። (ሴንቻ ማለት እኔ ያበላሸሁት ነው፤ ጃፓን ውስጥ ደህና የሚባለውና በብዛት የሚመረተው አረንጓዴ ሻይ።) የሚለያዩት ቅጠሉ መቼ ተቆረጠ፣ ስንት ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ተቆረጠ፣ ምን ያህልስ ጠንቷል በሚለው ነው።

የሻይ ቁጥቋጦ የጃፓንን የብርድ ወራት ሙሉ ተኝቶ ያሳልፋል። ሥሩ ውስጥ ስንቁን እየሰበሰበ ይቆይና ብርዱ ሲለቅ ያንን ሁሉ ወደ አዲሱ ቀንበጥ ይልከዋል። ጃፓኖች በድሮው አቆጣጠራቸው ጸደይ ይገባል ከሚሉት ቀን ጀምረው 88ኛውን ቀን ይቆጥራሉ፤ ቀኑ በእኛ ሚያዝያ 24 አካባቢ ይውላል፣ የሻይ ለቀማ ጊዜ ሆኖም በዘፈን ሳይቀር ይታወቃል። የዚያን ሰሞን የሚቆረጠው ኢቺባንቻ ይባላል፣ የመጀመሪያው ሻይ እንደማለት። ለጋ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ውድ ነው። ቁጥቋጦው ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ሁለተኛው ይቆረጣል፣ ኒባንቻ። ነሐሴ ላይ ሦስተኛው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ቁጥቋጦው ለብርዱ ወራት ሲስተካከል የሚወጣው የመጨረሻው። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደምንለው አስቡት፤ ልዩነቱ እኛ አንዱን ቡና ሦስት ጊዜ እናፈላለን፣ እነሱ አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ያጭዳሉ። በአብዛኛው ሰው አነጋገር ባንቻ ማለት ከእነዚህ ከዘገዩት አጨዳዎች የሚመጣው ነው። በዚያ ላይ ሴንቻ ተሠርቶ ሲነፋ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ተለቅ ያለና ጠፍጠፍ ያለ ቅጠልም ባንቻ ይባላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ አለ፣ ሳትዘሉኝ ቆዩ፣ ምክንያቱም የማፍላቱ ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሻይ ውስጥ ለምላስ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ቴአኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው፣ እሱ ነው ያንን የመረቅ ዓይነት ጣፋጭነት የሚሰጠው። ካቴኪን አፍ የሚያደርቀውና ምላስ የሚይዘው ነው። ካፌይንን ታውቁታላችሁ፣ መራራ ነው፣ እንቅልፍም ይነሳል። ቴአኒን የሚሠራው ሥሩ ውስጥ ነው፤ ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ግን እየፈረሰ ተክሉ ካቴኪን ለመሥራት ይጠቀምበታል። ግዮኩሮ የሚባለውን ውዱን ሻይ የሚያመርቱ ሰዎች ሦስት ሳምንት ያህል ማሳውን ጨርቅ የሚያለብሱት ለዚህ ነው፦ ፀሐይ ከልክለው ጣፋጩን ለማስቀረት። የባንቻ ቅጠል ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ የሙቀቱ ወራት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። ቴአኒኑ ጥቂት ነው። ካፌይኑም ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም ተክሉ ካፌይኑን በብዛት የሚያከማቸው ትልና ነፍሳት በሚመኙት ለጋ ጫፍ ላይ እንጂ በጠናው ቅጠል አይደለም። ቅጠሉ በጣም ሲጠና ምላስ የሚይዘው ነገርም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ ባንቻ ውስጥ የሚጣፍጠውም የሚመረውም ትንሽ ነው። ይህን አንዱ ቀጭን ሻይ ነው ብሎ ይንቀዋል። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጠጣዋል።

በቁጥር ለሚፈልግ፦ የጃፓን መንግሥት የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ 100 ሚሊ ሊትር የተቀዳ ሻይ ውስጥ ያለውን ካፌይን ሲያስቀምጥ ግዮኩሮ 160 ሚሊ ግራም፣ ሴንቻ 20፣ ባንቻ 10 ይላል። ጥቁር ሻይ 30 ነው፣ ቡና 60። ልብ በሉ፣ ግዮኩሮው እንደዚያ የበዛው በጥቂት ውሃ ብዙ ቅጠል ስለሚገባበት ጭምር ነው፣ የሚጠጣውም በጉንጭ ነው። ያም ሆኖ ባንቻ የቡና አንድ ስድስተኛ መሆኑ ማታ ማታ ለሚጠጣ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ጃፓን ውስጥ ባንቻ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደምትቆሙበት ቦታ ይለያያል። ሺዙኦካ፣ ያ የሻይ አገር የሚባለው፣ ባንቻ ሲሏችሁ አሁን የነገርኳችሁን ነው፦ ዘግይቶ የተቆረጠ፣ በሴንቻ ወግ የተሠራ፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ሆካይዶ፣ ሰሜን ጫፍ፣ ባንቻ ስጡኝ ብትሉ የሚቀርብላችሁ የተቆላ ቡናማ ሻይ ነው፣ ሌላው ቦታ ሆጂቻ የሚሉት። ኪዮቶ ደግሞ በጭስ የታጠነ የሚመስል የራሷ ነገር አላት። ቶኩሺማ ተራራ ውስጥ ብትገቡ የሚቀርብላችሁ የኮመጠጠ ነው! አንድ ስም፣ አራት የማይገናኝ ጣዕም። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ሣር ሣር ይላል፣ ሌላው የተቃጠለ እንጨት ይሸታል እያሉ የሚከራከሩት ሁለቱም እውነት ስለሆነ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ቃሉ ራሱ ነው። ባንቻ በቻይና ፊደል ሲጻፍ ባን የሚለው ተራ፣ ቁጥር ማለት ነው፣ ቻ ደግሞ ሻይ። ያው ድምፅ በሌላ ፊደል ከተጻፈ የዘገየ ይሆናል፤ ቶኩሺማዎች የሚጽፉት በዚህኛው ነው። በዕለት ንግግር ግን ትርጉሙ ቀለል ያለ ነው፦ በአገራችን የሚጠጣው የዘወትር ሻይ። እንደ ወጥ ማለት ነው በቃ። ጎንደር ሄዳችሁም ሐረር ሄዳችሁም ወጥ ትበላላችሁ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ጃፓኖች የተለመደ፣ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ሲሉም የዘወትር ሻይና ሩዝ የሚል አባባል አላቸው፤ መኪና መጨናነቅ ከተማው ውስጥ ሻይና ሩዝ ነው ይላል ሰውዬው፣ ብርቅ አይደለም ለማለት።

የታሪኩም ነገር ይህንኑ ነው የሚያስረዳው። ሻይ ጃፓን የገባው ከቻይና ነው፤ ኤይሳይ የሚባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1191 ዘር ይዞ መመለሱ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ዱቄቱ ሻይ፣ ማቻው፣ የመነኮሳትና የመሳፍንት ሆነ። ገበሬው ግን በየጓሮው የበቀለውን ቅጠል እንደቻለ ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ቆልቶ ይጠጣ ነበር፣ የሚጠጣውም ቡናማ ነበር እንጂ አረንጓዴ አልነበረም። ዛሬ የጃፓን ሻይ ሲባል ሁላችን ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ደማቅ አረንጓዴ ኪዮቶ አጠገብ ባለችው በኡጂ አካባቢ የነበረ ናጋታኒ ሶኤን የሚባል ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1738 ያወጣው የአሠራር ዘዴ ውጤት ነው፦ ለጋውን ቅጠል በእንፋሎት መትቶ፣ በጋለ ጠረጴዛ ላይ በእጅ እያሹ እያድበለበሉ ማድረቅ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞክር ኖረ ይባላል። ሻዩን ኤዶ ድረስ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው፣ ተሸክሞ ወስዶ ያማሞቶ ካሄ ለሚባል ነጋዴ አሳየው፣ ነጋዴው ወደደው፣ ሴንቻም እንደዚህ ተስፋፋ። በየመንደሩ የነበረው የድሮው ሻይ ግን አልጠፋም። ሴንቻ ያልሆነው ሁሉ ባንቻ እየተባለ በየተራራው ቀረ። ስለዚህ አረንጓዴ ሻይ ተብሎ ተመድቦ ሳለ ግማሹ አረንጓዴ አይደለም፣ ይህንን ጃፓኖች ራሳቸው ሲስቁበት ሰምቻለሁ።

የኪዮቶውን ከረጢት ወዳጄ በኋላ አመጣልኝ፤ ኪዮባንቻ ይሉታል። ስከፍተው የምር ደነገጥኩ። ሻይ አይመስልም። ጥቅምት ላይ ከዛፍ ሥር በመጥረጊያ የተሰበሰበ ቅጠል ነው የሚመስለው፦ ያልታሸ፣ ያልተጠቀለለ፣ እንደ ተዘረጋ የደረቀ ሰፊ ቡናማ ቅጠል፣ በመሐሉ ጭራሮ። ሽታው ደግሞ ጭስ። ማታ ከብት በሚጠብቁ ልጆች ጋቢ ላይ የሚቀረው ዓይነት ጭስ። ባለቤቴ ከሩቁ ምን እያቃጠልክ ነው አለችኝ፣ ውሃው እንኳ ገና አልፈላም። የሚሠራው ኡጂ አካባቢ ለውዶቹ ሻዮች ለጋው ከተለቀመ በኋላ ቁጥቋጦው ላይ የቀረውን ቅጠል ከነቅርንጫፉ ቆርጦ፣ በእንፋሎት አብስሎ፣ ሳያሹ አድርቆ፣ በመጨረሻ በጣም በጋለ ምጣድ በመቁላት ነው። ጣዕሙ ግን ከሽታው ጋር አይገናኝም። ለስላሳ ነው፣ ከኋላው ደረቅ ጣፋጭነት አለው፣ አይመርም። ኪዮቶ ውስጥ ለሕፃንና ለታመመ ሰው የሚሰጡት ይህንን ነው፤ ካፌይኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ። እኔ መጀመሪያ ቀን ጠላሁት፣ በሦስተኛው ቀን ፈለግሁት፣ አሁን ሲያልቅብኝ ይከፋኛል።

የቶኩሺማው አዋባንቻ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። ካሚካትሱና ናካ በሚባሉ የተራራ ከተሞች ሰዎች ጸደይ ላይ ለጋውን አይነኩትም። ይተዉታል። ቅጠሉ እስኪጠና፣ ሰኔ አልቆ ሐምሌ እስኪገባ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቅርንጫፉን ይይዙና ቅጠሉን ከላይ እስከ ታች ሸምጠጥ! ጣት ስለሚቆርጥ ጓንት ወይም ጨርቅ አድርገው ነው፣ ዛፉን ራቁቱን ነው የሚያስቀሩት። የተሸመጠጠው በትልቅ ብረት ድስት ይቀቀላል፣ ይታሻል፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ እየረገጡ አየር እስኪያጣ ይጠቀጥቁታል። የተቀቀለበትን ውሃ ይደፉበትና ከላይ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይተወዋል። ውስጥ የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ቆጮንና እርጎን የሚያኮመጥጡት ዘመዶቻቸው። ሲወጣ ምንጣፍ ላይ በፀሐይ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ፤ ዝናብ ከመጣ የወር ልፋት ገደል ገባ። ሻዩ ፈዛዛ ወርቃማ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ በረዶ ተጨምሮበት ለሙቀት ቀን የሚጠጣ ነው። የጃፓን መንግሥት ይህንን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2021 በሕዝብ ቅርስነት መዝግቦታል። ብዙዎቹ አምራቾች በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ጊዜውን ጠብቆ ነው ማለት ይቻላል።

ሆጂቻና ጌንማይቻ የሚባሉትንም ታገኛላችሁ፤ ሆጂቻ የተቆላ ሻይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከባንቻ ወይም ከቅጠሉ ዘንግ ይሠራል፣ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኪዮቶ ነው። ጌንማይቻ ደግሞ ሻይ ከተቆላ ሩዝ ጋር የተደባለቀ ነው። ቆሎ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ሌላ የምለው የለኝም፣ ቅመሱት።

እንግዲህ ማፍላቱ። እኔ የመጀመሪያውን ሻይ ለምን እንዳበላሸሁት አሁን ሳይገባችሁ አልቀረም። ቴአኒን ለብ ባለ ውሃም ይወጣል። ካቴኪንና ካፌይን ግን በደንብ የሚወጡት ውሃው ሲግል ነው። ሴንቻ ጣፋጩም መራራውም በብዛት ስላለው ውሃውን ወደ 70 ወይም 80 ዲግሪ አቀዝቅዞ ጣፋጩን ብቻ አባብሎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ጃፓኖች የፈላውን ውሃ ከዕቃ ዕቃ ሲያገላብጡ የምታዩዋቸው። እኔ አንተክትኬ መራራውን ሁሉ አወጣሁት። ባንቻ ላይ ግን የሚባበል ጣፋጭም የሚፈራ ምሬትም እምብዛም የለም፣ ያለው መዓዛ ነው፣ መዓዛ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ፈልቶ የወረደ ውሃ ቀጥታ ይደፋበታል። ቴርሞሜትር የለ፣ ማቀዝቀዝ የለ።

አረንጓዴው ባንቻ ከሆነ ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ቅጠል፣ የፈላ ውሃ፣ ግማሽ ደቂቃ፣ ማጥለል። ካስቆያችሁት ግን እሱም መጎምዘዙ አይቀርም፣ በጣም አትተማመኑ። ያንኑ ቅጠል ሁለተኛ ውሃ ማድረግ ይቻላል። የኪዮቶው ዓይነት ከሆነ ደግሞ እንደኛ ነው፦ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ፣ ሲፈላ አንድ እፍኝ ቅጠል፣ ጥቂት ደቂቃ አንተክትኮ አውርዶ መተው። የተረፈው ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ እንደ ውሃ ይጠጣል። ስኳር ጃፓኖች አያደርጉበትም፤ እናንተ ብታደርጉ የሚቆጣ የለም፣ ግን መጀመሪያ ያለ ስኳር አንዴ ሞክሩት። ወተት ግን ለአረንጓዴው አይሆንም። ለተቆላው ይሆናል።

መጀመሪያ ከሚቀዳው ሻይ ጋር የሚሄድ አባባልም አላቸው። ኦኒ የሚሉት ቀንዳም አስፈሪ ፍጥረት አለ፣ የተረት። "ኦኒም በአሥራ ስምንት፣ ባንቻም መጀመሪያ ሲቀዳ" ይላሉ፦ አስቀያሚዋም በወጣትነቷ፣ ተራው ሻይም አዲስ ሲቀዳ ያምራል ማለት ነው። ዛሬ ለሴት ልጅ ቢናገሩት የሚያጣላ ነው፣ ባንቻው ላይ ግን እውነቱን ነው። ሌላም አለ። ባንቻ ውስጥ ጭራሮ ስለሚበዛ አንዳንዴ አንዷ ስንጥር ከማጥለያው አምልጣ ስኒው ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ይህ የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ግን ለሰው መናገር አይገባም፣ ዕድሉ ወደ ሰሚው ይሄዳል ይባላል። ይህንን ወሬ ያስወራው ጭራሮ የበዛበት ሻይ አልሸጥ ያለው ነጋዴ ነው የሚሉም አሉ፣ ነጋዴ ይህን ማድረጉን እኔ አልጠራጠርም።

ስለ ጤናው ብዙ ትሰማላችሁ። ቦርጭ ያጠፋል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ካንሰር ይከላከላል። ማስታወቂያ ነው፤ ማንም ሻይ ጠጥቶ ብቻ ቦርጩን አላጠፋም። እኔ የማምንበት ጥቅሙ ቀላል ነው፦ ስኳር የሌለው፣ ካፌይኑ ትንሽ የሆነ፣ ለስላሳ መጠጥን ከገበታ ላይ ሊያስነሳ የሚችል ትኩስ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማንኛውም ሻይ፣ ባንቻም ቢሆን፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በጥራጥሬና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ደም ማነስ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም ጾም ላይ ሆኖ ምስርና ጎመን ብቻ የሚበላ ሰው ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቆ ቢጠጣ ይሻለዋል። የጠና ቅጠል ከለጋው ይልቅ ፍሎራይድ ያከማቻል ደግሞ፤ ስለዚህ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ በበዛበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምትኖሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጠጡት ብዬ አልመክርም።

የዋጋው ነገር አሁን አሁን መቀየሩ አልቀረም። የዘገየውን ቅጠል ለረጅም ጊዜ ደግፎ ያቆየው የጠርሙስ ሻይ ነው። ኢቶ ኤን የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 በቆርቆሮ፣ በ1990 ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ አረንጓዴ ሻይ መሸጥ ጀመረና ሌሎቹም ተከተሉ፣ ለዚያ የሚሆነው ርካሽና ብዙ ቅጠል ነው። ሜዳ ላይ በትልልቅ ማሽን፣ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ማጨድ የሚችለው የደቡቡ ካጎሺማ ተጠቀመ። ሺዙኦካ ማሳው ዳገት ነው፣ ገበሬውም አርጅቷል፤ ሁለተኛውን አጨዳ እንኳ የማያዋጣ ሆኖ የሚተዉት በዙ። እ.ኤ.አ. በ2024 ካጎሺማ ሺዙኦካን በምርት ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ከዚያ ደግሞ የማቻው እብደት መጣ፣ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ወተት ልጠጣ አለ፣ ገበሬውም ማሳውን ወደ ማቻ ቅጠል ማዞር ጀመረ። ያ ተራ የነበረው ቅጠል ያኔ ፈላጊ በዛበት። ምግብ ቤቶቹ በነጻ የሚቀዱትን ሻይ እስከ መቼ በነጻ እንደሚቀዱ እንጃ።

እዚህ ከተማ ባንቻ ተብሎ ለብቻው የሚሸጥ ቦታ አላገኘሁም፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ላኩ፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ጉምሩክም አያስጨንቅም። ከረጢቱ ተከፍቶ ከቆየና መዓዛው ከጠፋ አትጣሉት። ጃፓኖችም ቤታቸው ያረጀ ሻይ ሲኖር ደረቅ ምጣድ ላይ አድርገው ይቆሉትና ሆጂቻ ያደርጉታል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ እጃችሁ አያርፍ፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ መዓዛው ቤቱን ሲሞላ፣ ጥቁር ጭስ ሳይጀምር፣ ከምጣዱ ላይ ወዲያው ገልብጡት፣ ምጣዱ ላይ ከቆየ በራሱ ሙቀት ያራል። ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። የቡና መቁያውን ምጣድ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡት። እኔ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቆላሁበትና ሻዩ ቡና ቡና ብሎኝ አረፈ።